በብሬንሆፕ የተሰማው ለቅሶ

ብሬንሆፕ፣ ስኮትላንድ
ኦክቶበር 25 ቀን 1987

ለክቡር ወዳጄ ለዋልተር ተርንቡል፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በደኅና ያግኝህ። ለጠየቅኸኝ በተራ ልመልስ። አዎን፣ ታንሲ በደንብ ትበላለች። አዎን፣ የፊት እግሯ ጥፍር ድኗል። "ቤት ውስጥ ነው ወይ የምታድረው?" ላልኸው ግን ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። "የአደን ውሻ ምድጃ ዳር ከተኛ አፍንጫውም አብሮ ይተኛል" ስትል አርባ ዓመት ስሰማህ ኖሬ፣ አሁን ምን አፍ አለኝ? ቢሆንም ምድጃ ዳር አይደለም የምትተኛው። ከወንበሬ ሥር ነው።

ስለ ውድድሩ የምሥራች አለኝ። ለጀማሪዎች ውድድር ሃያ ስድስት ውሾች ተመዝግበው ነበር፤ ዕጣ የወጣላቸው ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ታንሲ ሰባተኛ ሆና ገብታለች። ኖቬምበር 14 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እዚሁ ብሬንሆፕ ጫካ ውስጥ፣ አንተ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠባቂ ሆነህ በኖርህበት መሬት ላይ።

ወይዘሮ ጂን ክራንስተን ምን እንዳለች ጠይቀኸኛል። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ አገኘኋት። እንደምታውቃት ከወንዙ ማዶ ውሻ በማሠልጠንና በማራባት እርሷን የሚያህል የለም። ንግግሯንም ታውቀዋለህ፤ እንዳለ ላስፍረው።

"ስማ ኒኒያን፣ የዋልተር ዘር ጥሩ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቡችላ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ግን ወረቀት ይጠይቀኛል። አራተኛም ብትሆን አንዲት ሽልማት ታምጣና ወንዱን አገናኛታለሁ። በኤፕሪል አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ከዚያ ወዲያ አልደፍርም።"

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። ከመጀመሪያዋ ውሻህ ከፍሎስ ጀምረህ አርባ አንድ ዓመት ያቆየኸው ዘር፣ ዛሬ በምድር ላይ የቀረችው አንዲት ሴት ታንሲ ናት። ወደ ልጅህ ስትሄድ የማሰሪያዋን ገመድ በእጄ ያስያዝኸኝ ዕለት የገባሁልህን ቃል አልረሳሁም።

"እርስዎስ እንዴት ነዎት?" ላልኸው፣ እግሬ ደኅና ነው፤ ዓይኔ ደኅና ነው። የቀረው እንደ ዕድሜዬ ነው።

ወዳጅህ፣
ኒኒያን ሃሊበርተን

*

ጎር አካባቢ፣ ኒውዚላንድ
ኖቬምበር 4 ቀን 1987

ለተከበሩ አቶ ኒኒያን ሃሊበርተን፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ አገር ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው፤ እናንተ ዘንድ ቅጠል ሲረግፍ እዚህ በግ ይወልዳል። የልጄ የኢሽቤል ባል አምስት ውሾች አሉት። በግ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ወፍ ቢያዩ እርሷንም ነድተው በረት ሊያስገቡ ይነሣሉ።

ደብዳቤው ከውድድሩ በፊት እንዲደርስ ፈጥኜ ነው የጻፍኩት። ሦስት ነገር ብቻ ልበልዎ። ፊሽካውን ቀስ አድርገው ይንፉ፤ የምክር ቤት ስብሰባ ጸጥ የሚያሰኙ አይምሰልዎ። ወፍ ስትወድቅ ወፏን ሳይሆን ታንሲን ይዩ፤ የወደቀችበትን ቦታ እርሷ አትስተውም። ዳኛ ሲያናግርዎት ደግሞ "አዎ ጌታዬ" ብለው ዝም ይበሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰብሳቢ ሆኖ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ ዐውቃለሁ። ለአንድ ቀን ነውና ይቻሉት።

በቀረው የእግዜር ፈቃድ ይሁን፤ ውጤቱን ግን በቴሌግራም ይላኩልኝ። የዚያን ዕለት እዚህ ሌሊት ነው፤ ግን የምተኛ አይመስለኝም።

አክባሪዎ፣
ዋልተር

*

ብሬንሆፕ
ኖቬምበር 16 ቀን 1987

ውድ ዋልተር፣

ቴሌግራም እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። አለመላኬን ይቅር በለኝ። በቴሌግራም ቃል ሊጻፍ የሚችል ቀን አልነበረም።

ማለዳ ሦስት ሰዓት ሲል ጉሙ ከወንዙ ገና አልተነሣም ነበር። መኪኖቹ ከድሮው የእህል ጎተራ አጠገብ ተደርድረው፣ ሰዎች ፔርሙሳቸውን ከፍተው፣ ውሾቹ በየሣሩ እየተንጎራደዱ ሳለ ደረስሁ። የእርጥብ ሱፍና የእርጥብ ውሻ ሽታ እንዴት እንደሚቀላቀል ታውቃለህ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብቆም ኖሮ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ በተመለስሁ ነበር። ዶድ ሌይድሎ፣ አንተን የተካው ጠባቂ፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፦

"ሰብሳቢው መጡ! ጉባኤው ተሟልቷል?"

"አልተሟላም። ዋልተር ቀርቷል" አልሁት።

"እንግዲያው የዕለቱ አጀንዳ አንድ ብቻ ነው፣ ሻይ" ብሎ ኩባያ አስጨበጠኝ። ሰላምታ እንዳደርስልህ አደራ ብሎኛል።

ወደ ታንሲ ልመለስ። የደረሰን ዳኛ አቶ ግሪቭ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ከድንጋይ ካቡ ወዲያ፣ ከጅረቱ ባሻገር አንዲት የዱር ዶሮ ወደቀች። ቁጥራችንን ጠሩ። እንደ መከርኸኝ ወፏን ትቼ ታንሲን አየሁ። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ካቡን ዘለለች፣ ጅረቱን ተሻገረች፤ ያን የምታህል ወፍ አንዲት ላባ ሳታጎድል ከእጄ አስቀመጠች። አቶ ግሪቭ የወፏን ጎድን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አጥንት አለመሰበሩን አረጋግጠው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለተኛው ዙር ክንፏ የቆሰለች አንዲት ወፍ የከብት መኖ በተዘራበት ማሳ ውስጥ ሮጣ ጠፋች። ስድስት ቁጥር ውሻ ፈልጎ አጣት። ቀጥሎ ታንሲ ተላከች። አፍንጫዋን መሬት ለመሬት እየሳበች እስከ ማሳው ጥግ ሄደች፤ ለትንሽ ጊዜ ከዓይኔ ተሰወረች። ስትመለስ ወፏ በሕይወት እያለች አፏ ውስጥ ነበረች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን ታያለች። "ዓይን መጥረግ" ትሉት አልነበር፣ ሌላው ያጣውን ማግኘት? ከኋላ ከቆሙት ተመልካቾች መካከል አንዱ፣ "ይቺ የተርንቡል ውሻ ናት፣ ሌላ ልትሆን አትችልም" ሲል ዶድ ሰምቶ ነገረኝ።

በሦስተኛው ዙር ከጫካው ዳር ከሁለት ውሾች ጋር በአንድ መስመር አስቀመጡን። አባራሪዎቹ ከወዲያ በዱላ ዛፉን እየመቱ ወፎቹን ወደ እኛ ይነዱ ነበር። ዝናብ ጀመረ፤ የሱፍ ቆቤን እስከ ጆሮዬ ድረስ ሳብሁት። ያ ዙር ሳያልቅ ተሰናበትን።

ከሰዓት በኋላ በጎተራው ውስጥ የበግ ሥጋ ኬክ ቀረበ፤ ፍጹም የድሮው ዓይነት፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት፣ ቅባቱ እስከ ክርን የሚወርድ። በ1952 አንተና እኔ ለመጀመሪያ ውድድራችን በዓሣ መኪና የሄድን ጊዜ ትዝ አለኝ። ውሻችን ዓሣ ዓሣ ሸትቶ ዳኛው አፍንጫቸውን ይዘው ሲመረምሩት፣ አንተ ኮስተር ብለህ፣ "ጌታዬ፣ ወፍ ከሌለ ዓሣም ያመጣል" አልሃቸው። ያን ዕለት ምንም አላሸነፍንም፤ ግን እንደዚያ ስቄ የተመለስሁበት ቀን በሕይወቴ ብዙ የለም።

ታንሲ ደኅና ናት። አልተጎዳችም።

ወዳጅህ፣
ኒኒያን

*

ጎር አካባቢ
ኖቬምበር 26 ቀን 1987

ለተከበሩ አቶ ሃሊበርተን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። አምስት ገጽ ነው። ስለ ሥጋ ኬክና ስለ ዓሣ መኪና አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል። ውሻዬ ስለ መባረሯ የጻፉት ግን አንዲት መስመር አትሞላም።

ጌታዬ፣ እኔ ምክንያቱን ነው የምፈልገው። ሳትላክ ሮጠች? ጥፋቱ የያዥዋ ነውና ይታረማል። አንዷን ወፍ ጥላ ሌላዋን አነሣች? ጀማሪ ናት እንላለን። የወፍ ጎድን ሰበረች? ክፉ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ሾህ ወግቷት ሊሆን ይችላል። ብቻ አንዱን አይበሉኝ። በመስመር ተቀምጣ ወፍ ስትጠብቅ አለቀሰች አይበሉኝ። ሌላው ሁሉ በሥልጠና ይለቃል። ያ ቀጭን ለቅሶ ግን በደም የሚወርድ ነው፤ እናት ካለቀሰች ልጅም ታለቅሳለች። አልቃሻ ውሻ እያስወለደ የሚያራባ ሰው በእኛ ሙያ ሰው አይባልም።

እባክዎን እቅጩን ይጻፉልኝ። ምንም ቢሆን እችለዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ዋልተር

*

ብሬንሆፕ
ዲሴምበር 7 ቀን 1987

ውድ ዋልተር፣

"ብቻ አንዱን አይበሉኝ" ያልኸው ነው።

ወፎቹ ከበላያችን ሲያልፉ አቶ ግሪቭ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "አቶ ሃሊበርተን፣ ሰሙ?" አሉኝ። "አዎ ጌታዬ" አልሁ። ትንሽ ቆይተው እንደገና መጡ። "ይኸው ደገመች። ከእርስዎ ውሻ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ከጎንዎ ካለው እንዳይሆን።" "ከእኔ ናት" አልሁ። ባርኔጣቸውን አነሡልኝና ገመዱን እንዳስርላት በእጃቸው አመለከቱ።

ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልችልም። ይቅርታህን እለምናለሁ።

ኒኒያን

*

ጎር አካባቢ
ዲሴምበር 17 ቀን 1987

ለተከበሩ አቶ ሃሊበርተን፣

ይቅርታ የሚጠየቀው እኔ ሳልሆን እርስዎ ነዎት። ዳኛ ፊት ቆመው በእኔ ጥፋት አፈሩ።

ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር አለ። በ1961 የፍሎስን የልጅ ልጅ ከኮረብታው ማዶ ካለ ብሩስ ከሚባል ወንድ ጋር አገናኘኋት። ጎበዝ ውሻ ነበር። አንድ ማለዳ በመስመር ተቀምጦ ሳለ ከእርሱ በኩል ቀጭን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ነፋስ ነው አልኩ። ባለቤቱን ጠየቅሁት፤ ነፋስ ነው አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ዘር አንዲት ውሻ በመስመር በተቀመጠች ቁጥር ትንፋሼን ይዤ አዳምጥ ነበር። አንድም ቀን አልሰማሁም። እንግዲያው ነፋስ ነበር ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። አሁን ግን ነፋስ እንዳልነበረ ዐወቅሁ። ከዚያ በኋላ በእጄ ያለፉ ሥልሳ ምናምን ቡችላዎች ሁሉ፣ በየሰዉ ቤት፣ በእኔ ስም...

ለወይዘሮ ክራንስተን እርስዎ ይንገሯት፤ ከሌላ እንዳትሰማ። ታንሲንም ከአዲሱ ዓመት በኋላ ወደ ሐኪም ይውሰዷትና እንዳትወልድ ያድርጓት። ደግ ውሻ ናት፤ ከወንበርዎ ሥር ትኑር። እኔ የትውልድ መዝገቡን ዘግቼ ከሻንጣዬ ሥር ከትቼዋለሁ።

ኢሽቤል "አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ምግብ ተውህ እኮ" ትለኛለች። ስለ ውሻ ነው ተብሎ ለልጅ ይነገራል?

መልካም ገና ይሁንልዎ። እዚህ ገና በጠራራ ፀሐይ ነው።

ዋልተር

*

ብሬንሆፕ
ዲሴምበር 29 ቀን 1987

ወንድሜ ዋልተር፣

ሐኪም ቤት አልወስዳትም። መዝገቡንም አትዝጋ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

ታንሲ አላለቀሰችም። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ በትክክል ለመናገር፣ ያለቀሰው ጆሮዬ ነው።

ካለፈው ጸደይ ጀምሮ በግራ ጆሮዬ የመስሚያ መሣሪያ አደርጋለሁ። ኤድንብራ ሄጄ ነው ያስገጠምሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም። ፀጉሬን ለምን እንዳስረዘምሁ በጠየቅኸኝ ጊዜም "ብርድ ነው" ብዬ ዋሸሁህ። መሣሪያው ጉድለት አለው፤ ጆሮ ላይ ነገር ከተጫነበት ያፏጫል። ቀጭን ድምፅ ነው ይላሉ። ይላሉ የምለው እኔ ስለማልሰማው ነው። ቀጭን ድምፅ ከጠፋብኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የፊሽካዬንም ድምፅ በጥርሴ ነው እንጂ በጆሮዬ አላውቀውም።

በዚያ ዝናብ ቆቤን በጆሮዬ ላይ ሳብሁት ብዬህ ነበር። ቆቡ መሣሪያውን ተጫነው፤ መሣሪያው አፏጨ፤ ታንሲ ከእግሬ ሥር ድንጋይ መስላ ተቀምጣ ነበር። አቶ ግሪቭ "ሰሙ?" ሲሉኝ ምንም አልሰማሁም። ግን ዋልተር፣ በስብሰባ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ "አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ" ያልሁበት ቀን የለም። "አዎ ጌታዬ" አልሁ። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ "ከእኔ ናት" ያልሁት ያንኑ ለማስከበር ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አሉ፤ እኔ ግን ያጠፋሁት አንተ ያሳደግኸውን ነው።

ይህን መቼ ዐወቅሁ ትለኝ ይሆናል። ኖቬምበር 22 ቀን፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስብከቱን ለመስማት እጄን ጆሮዬ ላይ ደገንሁ። ሰባኪው ንግግራቸውን አቋርጠው ጣራውን ያያሉ። ሕዝቡም ጣራውን ያያል። እኔም አብሬ ጣራውን አየሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት እሜቴ ኤልስፔት ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ ለእርሳቸው ሹክሹክታ በሚመስላቸው ድምፅ፣ "ኒኒያን፣ የሌሊት ወፍ አይደለም፤ ጆሮህ ነው የሚያፏጨው!" አሉ። ምዕመናኑ ሁሉ ሰሙ። እኔም ሰማሁ።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የውድድሩ ዕለት ነገር ሁሉ ገባኝ።

ቀኖቹን አስተያይ። ዲሴምበር 7 ስጽፍልህ ዐውቅ ነበር። ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ እያወቅሁ "አለቀሰች" ብዬ ጻፍሁልህ። በደብዳቤው ላይ የሰፈረው እያንዳንዱ ቃል የሆነ ነው፤ ደብዳቤው ግን ውሸት ነው። ሃሊበርተን ደነቆረ ከሚባል የአንዲት ውሻ ስም ቢጠፋ ይሻላል ብዬ ነው። ውሻዪቱ አንተ መሆንህን የተረዳሁት፣ ስለ ብሩስና ስለ ነፋሱ የጻፍኸውን ሳነብ ነው። ዋልተር፣ ነፋስ ነበር። ነፋስ ነበር፤ ልብህ ይረፍ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። በዚያው ሰዓት ወደ አቶ ግሪቭ ቤት ነዳሁ። በራቸው ላይ ቆሜ ቆቤን አጠለቅሁና ጆሮዬ ላይ ሳብሁት። ሰውየው ወደ እግሬ አዩ፤ ውሻ አልነበረም። ዙሪያዬን አዩ። ቀጥሎ ዓይናቸው ከቆቤ ላይ ተተከለ።

"አቶ ሃሊበርተን፣ ያን ዕለት በእኔ ወረቀት ላይ አንደኛ ነበረች" አሉኝ።

"ውሳኔው ሊለወጥ ይችላል?"

"አይችልም። እርስዎም በዘመንዎ ብዙ ውሳኔ አሳልፈዋል፤ ያውቁታል። ግን በጃንዋሪ 16 ሌላ የጀማሪዎች ውድድር አለ፤ አንድ ውሻ ታሞ ቀርቷል። ለጸሐፊው እነግርልዎታለሁ። ምክንያቱን ግን ራስዎ ይንገሩት።"

ነገርሁት። ለወይዘሮ ክራንስተንም ነገርኋት። አንደኛ ትሆን እንደነበር ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ከእንግዲህ የምደብቅህ ነገር አይኑር።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ባለፈው ደብዳቤዬ አባክኜዋለሁ። አሁን ሌላ የለኝም።

ኒኒያን

*

ጎር አካባቢ
ጃንዋሪ 7 ቀን 1988

ኒኒያን፣

ልጆች ሆነን ወንዝ ስንዋኝ "አንተ" ነበርህ። "እርስዎ" የሆንኸው ትምህርት ቤት ሄደህ በጫማ የተመለስህ ዕለት ነው። ለዛሬ ግን እርስዎነቱ ይቅርና በቀጥታ ላናግርህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስጨርስ ወጥቼ አጥሩ ዳር ቆምኩ። በጣም ተናድጄብህ ነበር፤ ከዚህ እስከዚያ ድረስ የሚሰማ ስድብ ሰደብኩህ፤ በጎቹ ሸሹ። አንተ ግን አትሰማም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልሳ ቡችላ በቅዠቴ ሲያለቅሱ አድረዋል። ይህን ላንተ ብዬ አላቀልልህም።

ሁለተኛ ሳነብ እሜቴ ኤልስፔት ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ኢሽቤል ደንግጣ መጣች። ለእርሷም አነበብኩላት። ያን ቀን ምሳ በላሁ።

ጅል፤ መደንቆርህን እኮ ከ1981 ጀምሮ ዐውቃለሁ! በስተግራህ ቆሜ ስናገር ሁልጊዜ "በእውነት ነው" ብለህ ትመልስልኝ ነበር፤ "ዝናብ መጣ" ብልህም፣ "ላሟ ሞተች" ብልህም። ለዚህ ነው በቀኝህ መቆም የጀመርኩት። አልነገርኩህም፤ አንተም አልነገርኸኝም። ሁለታችንም ጨዋ ነን ብለን ነው። ይኸው ጨዋነታችን ያደረሰን እዚህ ነው።

እንግዲህ የማዝህን አድርግ። ጃንዋሪ 16 ቀን ታንሲን አንተ አትይዛትም። ገመዱን ለጂን ክራንስተን ስጣት። አንተ ከተመልካቾች ጋር ቁም፤ ያን ነገር ከጆሮህ አውጥተህ ኪስህ ውስጥ ክተት። በኋላ ስትጽፍልኝ ሰዎች እንዲህ አሉ አትበለኝ። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።

ዋልተር

*

ብሬንሆፕ
ጃንዋሪ 18 ቀን 1988

ወንድሜ ዋልተር፣

ቁጣህን ተቀብያለሁ። ሳቅህንም ተቀብያለሁ፤ እርሱ ከብዶኛል።

ያዘዝኸውን ሁሉ አደረግሁ። በመጀመሪያ መጨረሻውን ልንገርህ፤ ስታነብ ልብህ እንዳይንጠለጠል። አላሸነፈችም። ሽልማትም አላገኘችም። ከሰዓት በኋላ አንዲት የቆሰለች ወፍ በቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋች፤ ታንሲ ተልካ ሦስት ጊዜ ዞረች፣ አጣቻት። ሁለት ቁጥር የሆነ ወጣት ውሻ ሄዶ ከአንድ የወደቀ ግንድ ሥር አወጣት። ዓይኗን ጠረጋት ማለት ነው። ደንቡ ደንብ ነው፤ ተሰናበተች። ወፍ አጥታ ነው የተባረረችው፤ እንደማንኛውም ጨዋ ውሻ።

ወይዘሮ ክራንስተን ገመዱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። መሣሪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ጆሮዬ ውስጥ እስክከትት ቆማ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

"ወፏን አጣቻት" አለችኝ።

"አይቻለሁ" አልሁ። "ስለ ወረቀቱ እንግዲህ..."

"ስለ ወረቀቱ ተወው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር። ወፍ አፍንጫዋን ታክኮ አልፏል፤ ከጎኗ ያለው ውሻ ተንቀጥቅጧል። ትንፋሿን እንኳ አልሰማሁም። በማርች ወንዱን አመጣዋለሁ። ቡችላ ሊወስድ መጥቶ ወረቀት የሚለኝ ካለ ጆሮዬን አሳየዋለሁ።" ቀጥላም፣ "ያንተን አይደለም፣ ኒኒያን" አለች፤ ዶድ ሌይድሎ ሻዩ ትን አለው።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልመለስ፤ ምን አየህ ወዳልኸኝ።

ዕጣው እንደገና ከአቶ ግሪቭ ሥር ጥሏት ነበር። ማለዳ በዚያው በጫካው ዳር፣ በዚያው መስመር አስቀመጧት። እኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ ከሌሎቹ ጋር በካቡ ላይ ተደግፌ ቆምሁ። ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ነጭ ነበር። ያን ነገር ከጆሮዬ ሳወጣ ዓለም ሁሉ በረዶ የወረደበት መሰለ። አባራሪዎቹ ዱላቸውን ሲያነሡ አያለሁ፤ አልሰማም። ጥይት ሲተኮስ ጢሱን አያለሁ፤ ደረቴን መታ ያደርገኛል እንጂ አልሰማም። አንተ በዚህ ሜዳ ላይ ስትጮህ፣ ስትራገም፣ ስታፏጭ የሰማሁህ ዓመታት ሁሉ ተሰብስበው ከአጠገቤ ጸጥ ብለው የቆሙ ያህል ነበር።

ወፎቹ መጡ። አንዷ ከታንሲ ፊት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ዱብ አለች። አቶ ግሪቭ ወደ ታንሲ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ምን ያህል ቆዩ አትበለኝ፤ ያን ጊዜ የምቆጥርበት ልብ አልነበረኝም። እኔ የማየው ፊታቸውን ነበር፤ ግንባራቸው ይቋጠር እንደሆነ፣ ራሳቸውን ይነቀንቁ እንደሆነ። ቀና አሉ። በደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው ውሻ አለፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የሌላውን ሰው ሁሉ ፊት አየሁ። ወፍ በወደቀች ቁጥር አየሁ። ወደ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ ገሚሱ ያለፈውን ወሬ የሰማ፣ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ ነው። አንድ ሰው ፊቱን ቢያዞር፣ አንድ ሰው ጎረቤቱን በክርኑ ቢነካ፣ ለእኔ ከጩኸት ይበልጥ ይሰማኝ ነበር። ሰማዩን ያዩ ነበር። ወፎቹን ያዩ ነበር። ሰዓታቸውን፣ ሲጋራቸውን፣ የጫማቸውን ጭቃ ያዩ ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማንም ዞር ብሎ አላያትም፣ ዋልተር። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ኒኒያን